ሸርጣን ሰባሪው ሳቢሳ

በሞቃታማዎቹ ወራት፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን፣ የበርሙዳ የየብስ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ወጥተው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ጀርባቸው ወደ ጥቁር ያደላ ወይን ጠጅ፣ እግራቸው ቀይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከባሕሩ ርቀው በየብስ ይኖራሉ፤ ሴቶቹ ግን የተሸከሙትን እንቁላል ውኃ ውስጥ ለማራገፍ በእነዚህ ሌሊቶች የግድ ወደ ጠረፍ ይሄዳሉ። በቁጥቋጦው ጥግ አንድ ግራጫ ወፍ አንገቱን ትከሻው ላይ ሰብስቦ ቆሟል። ሸርጣኑ እስኪጠጋው አይንቀሳቀስም። ሲጠጋው አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ አንገቱ እንደ ወስፈንጥር ይፈናጠራል፤ ቀጥሎ የሚሰማው የቅርፊት መሰበር ነው። እግሮቹን እያራገፈ ይጥልና ገላውን ይውጣል። ይህን ያየ እንግዳ ወፉና ሸርጣኑ ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ይመስለዋል። ሸርጣኑ በእርግጥ የጥንት ነው። ወፉ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ያውም በሰው እጅ፣ ከፍሎሪዳ ነው። ከእርሱ በፊት በዚያው ምድር ያንኑ ሸርጣን ሲሰብር የኖረ ሌላ ሳቢሳ ነበር። የዚያ ሳቢሳ ወገን ጠፍቷል፤ ዛሬ የቀረው አጥንቱ ነው።

ሳቢሳ የሚለው ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን የማይበሉትን ወፎች ሲዘረዝር ሽመላንና ሳቢሳን አከታትሎ ይጠራቸዋል። በዕለት ንግግራችን ግን እግሩና ምንቃሩ የረዘመውን ሁሉ ሽመላ ብለን ስለምናልፍ ሁለቱ ይምታቱብናል። አንዱ መለያ አበራረራቸው ነው፤ ሽመላ በአብዛኛው አንገቱን ዘርግቶ ሲበር፣ ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ይበራል። ከሳቢሳዎች መካከል ቁመታቸው አጠር፣ አንገታቸው ደንደን ያሉ፣ ሲመሽ ለአደን የሚወጡ ትናንሽ ወገኖች አሉ። የሌሊት ሳቢሳ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በእኛም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ጥቁር አክሊል ያለው ዝርያ ይታያል። የበርሙዳው ሳቢሳ በአሜሪካ አህጉር ጠረፎች የሚኖረው፣ ባለቢጫ አክሊል የሚባለው የሌሊት ሳቢሳ የቅርብ ዘመድ ነበር። ዛሬ ሸርጣን የሚሰብረው ከዚያ ከዘመዱ ወገን የመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ በርሙዳ የጠፋባትን ወፍ ሥራ መልሳ አግኝታለች፤ ወፉን ግን አላገኘችም። ሥራውን መመለስ ሊደነቅም ሊቀዳም የሚገባው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሥራውን መመለስ እንደ ፍጥረቱ መመለስ የቆጠርን ዕለት፣ ገና በሕይወት ያሉትን ለመጠበቅ ያለን ብርታት ይላላል።

ፍርሃት የማያስፈልግበት ምድር

በርሙዳ ከአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፣ ስፋቷ 53 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የደሴቶች ስብስብ ናት። መሠረቷ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ከላይ የለበሰችው የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በዝናብ ውኃ እየተበላ ዋሻ ይሆናል፤ ዋሻ ደግሞ ከወደቀበት የሞተ ወፍ አጥንቱን ለሺህ ዓመታት ይጠብቃል። በርሙዳ ሰው ከመድረሱ በፊት ማን ይኖርባት እንደነበረ የምናውቀው በአብዛኛው ከዚህ የተፈጥሮ ግምጃ ቤት ነው። በክንፉ ከሚመጣ የሌሊት ወፍ በቀር አጥቢ የየብስ እንስሳ አልነበረባትም። ድመት የለም፣ አይጥ የለም፣ ቀበሮ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ፍርሃት ኪሳራ ነው። በየኮሽታው የሚደነግጥ ወፍ የሚበላበትን ጊዜና የሚበርበትን ጉልበት በከንቱ ያባክናል፤ ረጋ ያለው ግን ይጠግባል፣ ጫጩቶቹንም ያሳድጋል። ስለዚህ በትውልድ ብዛት የደሴት ወፍ ገራም ይሆናል። ይህን ገራምነት ሞኝነት ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ገራምነቱ ለኖረበት ዓለም የሚስማማ ጠባይ ነበር፤ የተለወጠው ዓለሙ ነው።

የበርሙዳው ሳቢሳ ከዚህ ሰላም ሌላ የተትረፈረፈ ማዕድ ነበረው። የየብስ ሸርጣኑ በየጥሻው ጉድጓድ ቆፍሮ በብዛት ይኖራል። ሸርጣን ቀላል ምግብ አይደለም፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ በጉልበቱም ይቆነጥጣል። ወፉም ለዚህ ሥራ ተበጅቶ ነበር። ከዋሻዎችና ከኩሬዎች የተሰበሰቡት አጥንቶች ከአህጉሩ ዘመዱ አጥንት ጋር ሲነጻጸሩ ብዙው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ሥራ በሚበዛባቸው ክፍሎች ላይ ነው። ምንቃሩ ወፍራም፣ የራስ ቅሉ ከበድ ያለ፣ የእግሩ አጥንት ጠንካራ ነው። ምድር ላይ እየተራመደ ለሚያድን፣ ያገኘውንም ለሚሰብር ወፍ የሚስማማ አካል ነው። አበው የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ። በበርሙዳ ሸርጣኑ ሠርዶው፣ ሳቢሳው በሬው ነበሩ። አንዱ ሌላውን በልክ ያቆየው ነበር፤ ከልኩም ጥቅም የሚያገኝ ሦስተኛ ወገን ነበረ፤ እርሱም ሸርጣኑ የሚበላው ቡቃያ፣ ማለትም የነገው ደን ነው።

ድንጋይና በትር

በጁላይ 1609 ወደ ቨርጂኒያ የሚጓዙ እንግሊዛውያንን ጭና የነበረችው ሲ ቬንቸር የተባለች መርከብ በማዕበል ተመትታ በበርሙዳ ዓለት ላይ ተቀረቀረች። የነበሩባት 150 ያህል ሰዎች ተርፈው ለአሥር ወር ገደማ በደሴቲቱ ተቀመጡ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሲልቬስተር ጆርዳይን በ1610 ባሳተመው ጽሑፍ በደሴቲቱ ብዙ ሳቢሳዎች እንደነበሩ፣ እጅግ ገራሞች ከመሆናቸው የተነሣ ሰዎቹ በድንጋይና በበትር እየመቱ ከዛፍ ያወርዷቸው እንደነበር ይገልጻል። በዚህ መንገድ የተያዙት ጫጩትነታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች መሆናቸውንም ይናገራል። የአጥንቱ ወፍ እና የጆርዳይን ወፍ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሆኑ፣ ይህ አጭር ዘገባ ስለ ወፉ የሕይወት ዘመን የተረፈን የዓይን ምስክርነት ነው፤ ምስክርነቱም ስለ አሟሟቱ ነው። በዛፍ ላይ ጎጆ እንደሚሠራ እንኳ የምንረዳው እየተመታ ሲወርድ ነው።

ቋሚ ሰፈራው በ1612 ተጀመረ። ገዳዩም አንድ ብቻ አልነበረም። ሰፋሪው ከመድረሱ በፊት በሌሎች መርከበኞች የተተዉ አሳማዎች በደሴቶቹ ተራብተው ነበር። ከ1614 ገደማ ጀምሮ አይጦች ከመርከብ ወርደው እህሉን እስከ መጨረስ በረከቱ፤ በአይጦቹ ላይ የተሰማሩት ድመቶች ደግሞ የሚያድኑትን አይመርጡም። በዚያው ሰሞን በተነሣው ረሃብ የተዳከሙ ሰፋሪዎች ወደ ኩፐርስ ደሴት ተወስደው ካሃው የሚባለውን ገራም የባሕር ወፍ ያለ ልክ በሉ። እልቂቱ ያስደነገጠው ገዥ ዳንኤል ታከር በ1616 ካሃው እንዳይጨፈጨፍ አወጀ። ይህም በአዲሱ ዓለም ከወጡ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕጎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አዋጁ በቅን አሳብ የወጣ ቢሆንም ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አዋጅ በትር የያዘውን ሰው ሊገታ ይችላል፤ አይጥና ድመትን ግን አይገታም። ሳቢሳው ደግሞ ስሙ የተጠራበት አዋጅ እንኳ አላገኘም። ለአራት መቶ ዓመት ያህል ለብቻው የሚጠራበት ሳይንሳዊ ስምም አልነበረውም፤ የሌለ ስም ደግሞ አይናፈቅም።

በሬው ሲጠፋ

አዳኝ ሲጠፋ ታዳኙ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በርሙዳ ላይ የየብስ ሸርጣኑ ልጓም አልነበረውም፤ የሣር ሜዳውን፣ የጎልፍ መጫወቻውን፣ የአትክልት ቦታውን በጉድጓድ ወንፊት አደረገው። ከባዱ ጉዳት ግን ቡቃያው በሚበላበት ደን ላይ ነበር። የደሴቲቱ ዋና ዛፍ በርሙዳውያን ሴዳር የሚሉት፣ በወገኑ ግን የእኛ ጥድ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። በዚህ ላይ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ ፈሳሹን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ከውጭ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ከመቶ 95 ያህሉን ጥድ አደረቀ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ዴቪድ ዊንጌት የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ ናንሳች በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ መኖሪያውን አድርጎ፣ የጥንቷን በርሙዳ እንደ ሕያው ቤተ መዘክር መልሶ ለማቋቋም አገር በቀል ችግኞችን መትከል ጀመረ። ሸርጣኑ ለዚህም ሥራ ጠላት ነበር። ዊንጌት ተክል ብቻውን ደን እንደማይሆን ተረዳ፤ ከደኑ የጎደለ አንድ ሠራተኛ ነበረና።

የጎደለውን እንዲያውቅ የረዱት የጆርዳይን ዘገባና ከመሬት የተገኙት የሳቢሳ አጥንቶች ናቸው። ያኔ አጥንቶቹ የባለቢጫ አክሊሉ የሌሊት ሳቢሳ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ያ ወፍ በአህጉሩ ጠረፍ ሸርጣን አዘውትሮ የሚበላ ነው። ስለዚህ ከ1976 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ከፍሎሪዳው ታምፓ ቤይ ከ40 በላይ ጫጩቶች ወደ በርሙዳ ተወሰዱ። ጎልማሳ ወፍ ቢመጣ የለመደውን አገር ፍለጋ ሊሄድ ይችላል፤ ጫጩት ግን ያደገበትን አገሬ ይላል። በሰው እጅ የደሴቲቱን ሸርጣን እየጎረሱ አደጉ፤ ክንፋቸው ሲጠና ተለቀቁ፤ አደን ቻሉ፤ ጎጆ ሠርተው ተዋለዱ። ዘሮቻቸው ዛሬም በርሙዳ ላይ ይኖራሉ፤ ሸርጣኑም ዳግመኛ አዳኝ አገኘ። በተፈጥሮ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ እንዲህ በጥቂት ወጪ እንዲህ የሠመረ ሥራ ብዙ አይገኝም። ሥራው ሲዘገብም ስሙ መልሶ ማስፈር ነበር፤ የሄደው እንደ ተመለሰ ማለት ነው።

በ2006 ግን ራሱ ዊንጌት፣ በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ተቋም ከነበረው የወፍ አጥንት ሊቅ ስቶርስ ኦልሰን ጋር ሆኖ፣ አጥንቶቹን በዝርዝር መርምሮ አዲስ ውጤት አሳተመ። የበርሙዳው ሳቢሳ ባለቢጫ አክሊሉ አልነበረም፤ ለብቻው የቆመ፣ ከበርሙዳ በቀር በሌላ ስፍራ ያልተገኘ ዝርያ ነበር። ካርሲኖካታክቴስ የሚል ስም ሰጡት፤ ከግሪክ ቃላት የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ሸርጣን ሰባሪ ነው። ወፉ ስም ያገኘው ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ስሙን ከሰጡት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወፉን መለስኩ ብሎ ያመነው ሰው ነው። የገዛ ሥራውን ስም በገዛ እጁ አረመ። ይህ ለሳይንስ ታማኝነት ክብር ነው፤ ለእኛ ደግሞ ጥያቄውን ጥርት አድርጎ ያስቀምጥልናል። የተመለሰው ምንድን ነው?

ተቃውሞዎቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ልዩነቱ የስም ነው የሚል ነው። ሁለቱ ወፎች ይህን ያህል ከተመሳሰሉ፣ በምንቃር ውፍረት ምክንያት ሁለት ስም መስጠት የሊቃውንት ቅንጦት ይመስላል። እውነት ነው፣ መመሳሰላቸው ብዙ ነው፤ ባይመሳሰሉማ ተተኪው ሥራውን አይችለውም ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ የታየበትን ቦታ ማየት ይገባል። የወፈረው ሸርጣን የሚሰብረው አካል ነው፣ የጠነከረው ሸርጣን የሚያሳድደው አካል ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት አንድ ደሴትና አንድ ምግብ በብዙ ሺህ ትውልድ ሲሠሩበት የሚመጣ ቅርጽ ነው። ጊዜ ከተሰጠው የፍሎሪዳውም ወፍ ወደዚያው ይለወጣል የሚል ቢኖር፣ ምናልባት የሚመስል ነገር ይወጣ ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ያለው ሌላ ፍጥረት ነው። ያን ያህል ዘመንም ለማንም ዋስትና የሰጠ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ሸርጣኑ ከተበላ፣ ቡቃያው ካደገ፣ ምን ጎደለ ይላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛ፣ የወፉን ሥራ ስንቆጥር የምንቆጥረው አጥንት የነገረንን ብቻ ነው። አጥንት ድምፅን፣ የላባን ቀለም፣ የጫጩት አመጋገብን አይናገርም። ከሕይወቱ አንድ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን አሟልቻለሁ ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተተኪው የሚተማመንበት ሌላ አገር አለው። የበርሙዳዎቹ በአውሎ ነፋስ ቢያልቁ እንኳ ባለቢጫ አክሊሉ ከአሜሪካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጠረፎች ይኖራልና እንደገና ማምጣት ይቻላል። ሸርጣን ሰባሪው ግን ከ53 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ውጭ ሌላ ቤት አልነበረውም። የመጨረሻው ወፍ ሲወድቅ የወደቀው የአንድ ደሴት መንጋ ሳይሆን የዓለሙ ሁሉ ድርሻ ነው። ሊተካ የሚችል ነገር ሌላ ቦታ ያለ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ የሌለውን ማን ይተካዋል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ሰው ባሕር አሻግሮ ያመጣው ወፍ ሁሉ አደጋ ነውና ተተኪም ባይመጣ ይሻል ነበር ይላል። ለዚህ ተቃውሞ በርሙዳ ራሷ ምስክር ናት። በ1905 የፍራፍሬ ዝንብ እንዲበላ ተብሎ ከጃማይካ አኖሊስ የሚባል እንሽላሊት ገባ። በኋላ ጥዱን ከሚያደርቀው ተባይ ለማዳን ሌሎች ነፍሳት ሲለቀቁ እንሽላሊቱ በላቸው። በ1957 ደግሞ እንሽላሊቱን እንዲበላ ኪስካዲ የሚባል ወፍ ከትሪኒዳድ መጣ፤ ኪስካዲ ግን ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሆኖ ለፍራፍሬውም ለአገር በቀል እንስሳትም መቅሰፍት ሆነ። አንዱ ስሕተት ሌላውን እየወለደ ሄደ። ታዲያ ሳቢሳው ከዚህ ሰንሰለት በምን ተለየ? በማስረጃ ተለየ። ኪስካዲ በርሙዳ ላይ የሚተካው አባት አልነበረውም። ሳቢሳው ግን አጥንት ያስቀመጠለት ቦታ ነበረው፤ የቀድሞው ባለቤት የቅርብ ዘመዱ ነበር፤ የሚያዘወትረው ምግብም ታወቀ። ስለዚህ ትምህርቱ ፈጽሞ አትተኩ የሚል አይደለም። ክፍት ቦታ መኖሩን፣ ማን ይዞት እንደነበረና እጩው ምን እንደሚበላ ሳታውቁ አትተኩ የሚል ነው።

አራተኛው ደግሞ በደሴት ላይ ዝርያ ሁልጊዜም ይጠፋል፣ ሰው ብቻውን ለምን ይከሰሳል የሚል ነው። ተፈጥሮም እንደሚያጠፋ የበርሙዳ ድንጋይ ይመሰክራል። ዛሬ በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚኖረው ባለአጭር ጅራት አልባትሮስ ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት በርሙዳ ላይ ይራባ ነበር፤ ባሕሩ ከፍ ብሎ መራቢያውን ሲውጠው ከዚያ ጠፋ። ነገር ግን ይኸው ምሳሌ ልዩነቱን ያሳያል። አልባትሮሱ በሌላ ውቅያኖስ ወገን ስለነበረው እንደ ዝርያ ተርፏል። ሳቢሳውም ቢሆን አጥንቱ የሚገኘው በጥንቱ የበረዶ ዘመን ደለል ውስጥም ከዚያ በኋላ በተከማቸውም ውስጥ ነው፤ ማለትም ባሕሩ ወርዶ ደሴቲቱ ብዙ እጥፍ ስትሰፋ፣ ተመልሶ ሞልቶ ስትጠብ፣ ሁለቱንም ኖሮ አልፏል። ያላለፈው የመርከቦችን መምጣት ነው። ተፈጥሮ ዘመን ትሰጣለች፤ በትር፣ አሳማ፣ አይጥና ድመት አብረው ሲመጡ ግን ዘመን አይሰጡም።

አሥራ ስምንትና ዜሮ

ክርክሩን ለመፍረድ ከዚያችው ደሴት አንድ ሌላ ወፍ ይበቃል። ካሃው ከሳቢሳው ጋር አንድ በትር፣ አንድ አይጥ፣ አንድ ረሃብ ቀምሷል። ከ1620ዎቹ በኋላ ጠፍቷል ተብሎ ለሦስት መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ በ1951 ወደብ አፍ ላይ ባሉ ትናንሽ ዓለቶች ላይ በሕይወት ተገኘ። ያን ቀን ከአግኚዎቹ ጋር በጀልባ የነበረ የ15 ዓመት ልጅ፣ ያው ዴቪድ ዊንጌት ነው። በኋላ ሲቆጠሩ ጥንዶቹ 18 ብቻ ነበሩ። ሰው ሠራሽ ጉድጓድ ተበጀላቸው፣ አይጥ ተጠበቀላቸው፤ ዛሬ ከ150 ጥንድ በላይ ሆነዋል፤ ድምፃቸውም፣ ጠባያቸውም፣ ደማቸውም የራሳቸው የካሃው ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ደሴት፣ በዚያው ትጋት ለሁለት ወፎች ደከመ። አሥራ ስምንት ጥንድ የቀረለትን ራሱን መለሰው። ዜሮ የቀረለትን ግን ዘመዱን አመጣለት፤ ከዚያ በላይ ማድረግ ለማንም አይቻልም።

እንግዲህ ተተኪውን ሳቢሳ ማመስገን ተገቢ ነው፤ ደኑን ረድቷልና። ነገር ግን ስለ መጥፋት በተነሣ ቁጥር ዘመዱን አምጥተን እንተካዋለን የሚል ሰው ሲገጥመን፣ በርሙዳን አይተን ልንመልስለት ይገባል። መተካት የሚመጣው ማዳን ካለፈ በኋላ ነው፤ የማዳን ጊዜው ደግሞ ጥቂቶች ገና ሳሉ ነው። ሸርጣኑ ዛሬም በሙሉ ጨረቃ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ምንቃርም ይጠብቀዋል። ያ ምንቃር ግን ሸርጣን ሰባሪ የሚል ስም የወጣለት ወፍ ምንቃር አይደለም።